ማሩን አይተን አበባውን ረሳን፦ አበባ አዳቃይ ነፍሳትን ለመጠበቅ ስለሚደረገው ዓለም አቀፍ ጥረት

መግቢያ

ባለፈው ዓመት በሬዲዮ ዝግጅት ትምህርት ላይ ስለ ዓለም የንብ ቀን የአምስት ደቂቃ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። የማር ዋጋ፣ የቀፎ ዓይነት፣ የጠጅ ነገር፣ ያልነካሁት ነገር አልነበረም። ክፍል ውስጥ ተሰምቶ ሲያልቅ መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ንቧ አበባው ላይ ምን ትሠራለች?» እኔም «ማር ልትሠራ ነዋ!» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። መምህራችን ግን ቀጠሉ፤ «እሺ፣ አበባውስ ምን አገኘ?» መልስ አልነበረኝም።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንዱ ይህ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለመስቀል ሰሜን ሸዋ ወደሚገኙት ቤተሰቦቼ ስሄድ ያየሁት ነገር ነው። አጎቴ አሥራ አንድ ቀፎ ነበራቸው። እኔ ስደርስ ሰባቱ ባዶ ሆነዋል። ንቦቹ በየቀፎው ደጃፍ እንደ ፈሰሰ ኑግ ረግፈው ነበር። ምክንያቱም ሩቅ አልነበረም። ጎረቤታቸው ባቄላቸው በክሽክሽ ስለተወረረባቸው፣ አበባው ፍክት ባለበት ሰሞን፣ ረፋድ ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት ረጭተዋል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዕድር ያሉ፣ ልጆቻቸውም አብረው ያደጉ ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አይነጋገሩም።

ጎረቤትየውን ሄጄ አነጋገርኳቸው። «እኔ ተባዩን እንጂ ንቡን መች አሰብኩ? ረፋድ ላይ አትርጭ ያለኝ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልነገራቸውም። ወደ ኮሌጅ ተመልሼ ማንበብ ስጀምር ግን ነገሩ በዓለም ደረጃ ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ ሲመከርበት፣ ሲወሰንበትና የድርጊት መርሐ ግብር ሲወጣለት የኖረ መሆኑን ተረዳሁ። ታዲያ ይህ ሁሉ ውሳኔ እዚያች የባቄላ ማሳ ድረስ ለምን አልደረሰም? በዚህ ጽሑፍ ጥረቱ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ፣ ምን እንደጎደለውና የእኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ድርሻ ምን እንደሆነ በአጭሩ ለማሳየት እሞክራለሁ።

አበባው ምን ያገኛል?

አንድ ተክል ዘር ወይም ፍሬ እንዲይዝ በአበባው ወንዴ ክፍል ላይ ያለው ዱቄት ወደ ሴቴው ክፍል መድረስ አለበት። ይህ ሂደት በሳይንስ መጽሐፎቻችን ርክበ ብናኝ የሚባለው ነው። ስንዴና ጤፍ በራሳቸው ይህንን ያከናውናሉ፤ በቆሎ ደግሞ ነፋስ ይበቃዋል። ብዙዎቹ ተክሎች ግን ዱቄቱን የሚያመላልስላቸው እንስሳ ይፈልጋሉ። ለምሳሌ ኑግ በገዛ ራሱ ዱቄት ዘር መያዝ አይችልም፤ ንብ ካልጎበኘው ምርቱ ይቀንሳል። ዱባና ሐብሐብም እንደዚሁ ናቸው። ባቄላ በከፊል በራሱ ሊያፈራ ቢችልም ንብ ሲመላለስበት የተሻለ ይይዛል። እንግዲህ የአጎቴ ጎረቤት የገደሏቸው ንቦች በዚያን ሰዓት ለእሳቸው ማሳ ያለ ደመወዝ ይሠሩ የነበሩ ናቸው ማለት ነው።

ይህንን ሥራ የሚሠሩት የማር ንቦች ብቻ አይደሉም። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ማር የማይሰበስቡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። በእኛ አገር ከመሬት ሥር ቤቷን የምትሠራው ጣዝማም ከዚህ ቤተሰብ ናት። ከንቦች ሌላ ቢራቢሮዎች፣ የእሳት እራቶች፣ ጥንዚዛዎች፣ የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎችና አንዳንድ የሌሊት ወፎችም አሉበት። ከዝንብ ማር አይጠበቅም እንላለን። ልክ ነው፤ ፍሬ ግን ይጠበቃል! ቸኮሌት የሚሠራበት ካካዎ አበባው የሚዳቀለው በዋናነት ከትንኝ በማይበልጡ ጥቃቅን ዝንቦች አማካይነት ነው።

ጥረቱ እንዴት ተጀመረ?

የብዝሃ ሕይወት ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1994 ያጸደቀችው ነው። የስምምነቱ አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ1996 ቦነስ አይረስ ላይ ተሰብስበው ስለ እርሻ ብዝሃ ሕይወት ሲወያዩ አበባ አዳቃዮች ትኩረት ከሚሹ ጉዳዮች አንዱ እንዲሆኑ ተስማሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1998፣ የብራዚል መንግሥት ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎች ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ተገናኙ። ከስብሰባው የወጣው ሰነድ የሳኦ ፓውሎ መግለጫ ተብሎ ይታወቃል።

የመግለጫው ሐሳቦች ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ስምምነቱ ገቡ። አባል አገሮቹ በግንቦት 2000 እዚሁ ጎረቤታችን ናይሮቢ ላይ ባደረጉት አምስተኛ ጉባኤ፣ አበባ አዳቃዮችን ለመጠበቅና በዘላቂነት ለመጠቀም የሚያስችል ዓለም አቀፍ ንቅናቄ አቋቋሙ። የማስተባበሩ ኃላፊነት ለተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ለፋኦ ተሰጠ። በ2002 ደግሞ ዘ ሄግ ላይ የድርጊት መርሐ ግብሩ ጸደቀ። መርሐ ግብሩ አራት ነገሮችን የያዘ ነበር፤ የአዳቃዮቹን ሁኔታ ማጥናት፣ የተሻለ የአያያዝ ዘዴ መፈለግ፣ ባለሙያና አርሶ አደር ማሠልጠን፣ እንዲሁም ጉዳዩ በአገሮች ፖሊሲ ውስጥ እንዲካተት ማድረግ።

ከዚያም ከ2009 ጀምሮ ፋኦ ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ጋር በመሆን በሰባት አገሮች፣ ማለትም በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በኔፓል፣ በፓኪስታንና በደቡብ አፍሪካ ማሳ ላይ የሚሠራ ፕሮጀክት አካሂዷል። በ2018 ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተደረገው ጉባኤ መርሐ ግብሩ ታድሶ እስከ 2030 የሚሠራ ሆኗል። በታኅሣሥ 2022 ሞንትሪያል ላይ የጸደቀው የብዝሃ ሕይወት ማዕቀፍም ከፀረ ተባይ መድኃኒቶችና ከአደገኛ ኬሚካሎች የሚመጣው ስጋት እስከ 2030 ቢያንስ በግማሽ እንዲቀንስ ግብ ጥሏል።

«ዘላቂ አጠቃቀም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህ ቃል በየሰነዱ ስለሚደጋገም ጆሯችን ለምዶታል፤ ትርጉሙን ግን ሦስት ታሪኮች ይበልጥ ያስረዱናል።

የመጀመሪያው ከማሌዥያ ነው። የዘይት ዘምባባ ወደዚያ አገር የተወሰደው ከአፍሪካ ሲሆን አዳቃዩ ነፍሳት ግን አብሮት አልተጓዘም። ስለዚህ የእርሻ ባለቤቶች ሠራተኛ ቀጥረው አበባውን በእጅ ያዳቅሉ ነበር። ራህማን ሰይድ የተባሉ የነፍሳት ተመራማሪ በካሜሩን ባደረጉት ጥናት ሥራውን የምትሠራው አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ መሆኗን አረጋገጡ። ጥንዚዛዋ ሌሎች ሰብሎችን እንደማትጎዳ ከተፈተሸ በኋላ በ1981 ማሌዥያ ውስጥ ተለቀቀች። ፍሬ አያያዙ ተሻሻለ፤ በእጅ የማዳቀሉ ሥራም ቀረ። እርግጥ የዘይት ዘምባባ ደንን በማስመንጠር ብዙ የሚያስወቅሰው ጉዳይ አለ፤ እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ግን አንዲት ትንሽ ነፍሳት የስንት ሰው ጉልበት እንደተካች ነው።

ሁለተኛው ከኮስታ ሪካ ነው። አራቢካ ቡና በራሱ ዱቄት ማፍራት የሚችል ተክል በመሆኑ ንብ አያስፈልገውም ተብሎ ሲታሰብ ቆይቷል። በ2004 የወጣ ጥናት ግን በአንድ ትልቅ የቡና እርሻ ላይ ከደን እስከ አንድ ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርቀት ውስጥ ያለው ቡና ምርቱ በ20 ከመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ አሳየ። ከሁለት ቁራጭ ደኖች የሚመጡት ንቦች ለዚያ አንድ እርሻ በዓመት ያስገኙት ጥቅም ወደ 60,000 የአሜሪካ ዶላር ተገምቷል። እዚህ ንብ ተገዝቶ አልመጣም። ደኑ አልተቆረጠም፤ በቃ። የቡና መገኛ ለሆነችውና ቡናዋን በዛፍ ጥላ ሥር ለምታበቅለው ለአገራችን ይህ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል።

ሦስተኛው የስህተት ታሪክ ነው። ባምብልቢ የሚባል ትልቅና ጸጉራም የንብ ዓይነት አለ። ቺሊ በ1990ዎቹ መጨረሻ በመስታወትና በፕላስቲክ ቤት ለሚመረት ቲማቲም እንዲያገለግል የአውሮፓውን ባምብልቢ አስገባች። ንቡ ወደ ዱር ወጣ። አርጀንቲና እንዲገባ ባትፈቅድም በ2006 የአንዲስን ተራራ አቋርጦ እዚያም ተገኘ። ለንብ ቪዛ አይጠየቅም እኮ! እንግዳው በተስፋፋባቸው ብዙ ቦታዎች የአካባቢው ተወላጅ የሆነው፣ በዓለም ካሉት ባምብልቢዎች በትልቅነቱ የሚታወቀው ብርቱካናማ ዝርያ እየጠፋ ሄደ። ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ተመዝግቧል። አንድ አገር ብቻዋን የወሰነችው ነገር የጎረቤቷን ንብ እንደሚጎዳ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ዘላቂ አጠቃቀም ማለት ነፍሳቱን እንዳሻን ማመላለስ ሳይሆን መኖሪያቸውን ሳናፈርስ፣ አንዱን ዝርያ ለመጥቀም ሌላውን ሳናጠፋ በሥራቸው መጠቀም ማለት ነው።

ሪፖርቱ ምን አለ?

ኢፕቤስ በሚል ምህጻር የሚጠራው የመንግሥታት የብዝሃ ሕይወት የሳይንስና የፖሊሲ መድረክ በየካቲት 2016 ኳላ ላምፑር ላይ ስለ አበባ አዳቃዮች የመጀመሪያውን ሰፊ ዓለም አቀፍ ግምገማ አጸደቀ። ወደ 80 የሚጠጉ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ነው። ከሁለቱ መሪዎች አንዷ ብራዚላዊቷ ቬራ ኢምፔራትሪዝ ፎንሴካ ሲሆኑ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመታት በፊት የሳኦ ፓውሎውን ጉባኤ ካዘጋጁት ሰዎችም አንዷ ነበሩ።

ሪፖርቱ እንደሚለው በዓለም ካሉት ዋና ዋና የምግብ ሰብል ዓይነቶች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ለምርታቸው መጠን ወይም ጥራት በተወሰነ ደረጃ በእንስሳት መዳቀል ላይ ይደገፋሉ። በአዳቃዮች ሥራ በቀጥታ የሚገኘው ዓመታዊ ምርት ዋጋም ከ235 እስከ 577 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይገመታል። እዚህ ላይ ለእኛ ለዜና ሰዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «ንብ ከጠፋ ሦስት አራተኛው ምግብ ይጠፋል» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። ሦስት አራተኛ የተባለው የሰብል ዓይነት እንጂ የምርት መጠን አይደለም፤ በመጠን ሲሰላ በከፊልም ቢሆን በአዳቃዮች የሚደገፉት ሰብሎች 35 ከመቶ ገደማ ናቸው። ከጠቅላላው ምርት በቀጥታ በአዳቃዮቹ ሥራ የተገኘው ደግሞ ከ5 እስከ 8 ከመቶ ነው። ይህም ቢሆን ትንሽ አይደለም፤ ምክንያቱም ቪታሚን የሚሰጡን ፍራፍሬዎች፣ አትክልቶችና የቅባት እህሎች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

ሌላው ያስገረመኝ ነገር በዓለም ላይ በሰው እጅ የሚጠበቁ የንብ ቀፎዎች ቁጥር ባለፉት አምስት አሥርት ዓመታት በጥቅሉ መጨመሩ ነው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የቀነሰባቸው ቦታዎች አሉ፤ በድምሩ ግን አድጓል። አደጋው በይበልጥ ያለው ባለቤት የሌላቸው፣ ማንም የማይቆጥራቸው የዱር ንቦች ላይ ነው። ስለ አፍሪካ ያለው መረጃም አነስተኛ መሆኑን ሪፖርቱ አልሸሸገም።

በውሳኔውና በማሳው መካከል

ከዚህ በላይ የተጠቀሱት መርሐ ግብሮች ጥሩ ቢሆኑም አንድ ድክመት አለባቸው። አገሮች በፈቃዳቸው የሚፈጽሟቸው ናቸው፤ ባይፈጽሙ ቅጣት የለም። ጥርስ ያለው እርምጃ የታየው አገሮች ወይም የአገሮች ኅብረት ወደ ሕግ ሲለውጡት ነው። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ኒዮኒኮቲኖይድ ከሚባሉት ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ሦስቱን በ2013 በከፊል ገደበ፤ በ2018 ደግሞ ከቤት ውጭ ጥቅም ላይ እንዳይውሉ ከለከለ። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ አባል አገሮች «አስቸኳይ ሁኔታ» በሚል ፈቃድ ሲሰጡ ቆይተዋል። በጥር 2023 የኅብረቱ ፍርድ ቤት በእነዚህ መድኃኒቶች ለታሸ ዘር እንዲህ ያለ ፈቃድ መስጠት ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። ሕግ ባለበትም ክትትል ካልታከለበት ቀዳዳ እንደማይጠፋ ከዚህ እንረዳለን።

አገራችንም የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002ን አውጥታለች። ስለዚህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የአጎቴ ጎረቤት ግን ስለ ናይሮቢም፣ ስለ ሻርም ኤል ሼክም፣ ስለ አዋጁም ሰምተው አያውቁም። የእሳቸው ጥያቄ አጭር ነው፤ መቼ ልርጭ? መልሱም አጭር ነው። አበባ በያዘ ሰብል ላይ ባይረጭ ይመረጣል። ግድ ከሆነ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይረጫል፤ በአካባቢው ላሉ ንብ አናቢዎችም አስቀድሞ ይነገራል። መድኃኒቱ ሲገዛም ለንብ አደገኛነቱ ይጠየቃል። የማሳ ዳር አበባዎችንም ሁሉንም አለማጨድ ይረዳል። ይህ ሁሉ ዶላር አይፈልግም። የሚፈልገው ሰው እንዲያውቀው ማድረግ ነው።

የእኛ ድርሻ

የዓለም የንብ ቀን ግንቦት 12 (እ.ኤ.አ. ሜይ 20) ይከበራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቀኑን የወሰነው በስሎቬኒያ ሐሳብ አቅራቢነት በታኅሣሥ 2017 ሲሆን፣ የተመረጠውም በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በቪየና የንብ ማነብ መምህር የነበረውን አንቶን ያንሻን ለማስታወስ ነው። በዚህ ቀን እኛ ምን እንሠራለን? እኔ እንደሠራሁት፣ ማር! ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ መሆኗን እንናገራለን፤ ቀፎ እናሳያለን፤ እናበቃለን። ማሩ መነገሩ አይከፋም። ግን ዜናው ግማሽ ነው።

በመሆኑም ስለ ንብ ዜና ስንሠራ ሦስት ጥያቄዎችን ብንጨምር ጥሩ ነው እላለሁ። አንደኛ፣ የትኛው አዳቃይ? የማር ንብ ብቻ ነው ወይስ ሌሎችም አሉ? ሁለተኛ፣ በዚህ አካባቢ የርጭቱን ሰዓት የሚወስነው ማን ነው? ምክርስ የሚሰጠው ማን ነው? ሦስተኛ የመምህራችን ጥያቄ ነው፤ አበባው ምን አገኘ? በተለይ የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያዎች ላይ ለመሥራት የምታስቡ ጓደኞቼ፣ ባቄላና ኑግ በሚያብብበት ሰሞን የአንድ ደቂቃ መልእክት ከአንድ ሰዓት የበዓል ዝግጅት በላይ እንደሚጠቅም አምናለሁ።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ አበባ አዳቃዮችን የመጠበቁ ጥረት ከሳኦ ፓውሎ ተነስቶ በናይሮቢ በኩል እስከ ሞንትሪያል ረጅም መንገድ ተጉዟል። ዕውቀቱ አለ፤ ውሳኔውም አለ። የቀረው መንገድ ከወረዳው እስከ ማሳው ያለው ነው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው የመረጃ መንገድ ስለሆነ እኛን ይመለከታል።

ያነበብኩትን በአንድ ገጽ አሳጥሬ ለአጎቴና ለጎረቤታቸው ላክሁላቸው። በጥቅምት መጨረሻ ስደውል አጎቴ እንዲህ አሉኝ፤ «ሰውየው ሊረጭ ሲል ዋዜማውን ልጁን ላከብኝ። የረጨውም አመሻሽ ላይ ነው። አራቱም ቀፎ ደህና ነው።» «ታዲያ ታረቃችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ገና ቡና አልጠራሁትም» አሉኝ። ቀጥለውም «ያንን ወረቀት ግን ለቀበሌው ሰው ሁሉ አንብቢለት፤ አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ አይደል?» አሉ።

እኔም ገና ተማሪ ነኝ አልኳቸው። ወረቀቱን ግን ይዤ ለገና እሄዳለሁ።